ውሻው የማነው?

«እማማ፣ ውሻው የማነው?»

«የግቢው ነው ልጄ።»

«ስሙስ?»

«ቡቺ።»

መዝጋቢው እስክሪብቶውን እንደያዘ ይቀራል። «ባለቤት» በሚለው ዓምድ ሥር «ግቢው» ተብሎ አይጻፍም። ስሙም አያድንም፤ እዚያው ገጽ ላይ ሦስት ቡቺዎች ቀድመው ተመዝግበዋል።

ከፒያሳ ጀርባ፣ ልደታ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የቀበሌ ግቢ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠረጴዛ የዘረጋ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሚጋጨው ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ግቢው ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ ውሻ አለው። ከአንዱ ቤት ትርፍራፊ እንጀራ፣ ከሌላው አጥንት ይመጣለታል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይሄኛው ስድስት ቤት ስለሚበላ ለስድስት ቤት ይጮሃል። ሲታመም ግን እያንዳንዱ ቤት ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። ሰው የነከሰ ቀን ደግሞ ጭራሽ ውሻ አልነበረንም ይባላል።

አቅም ለሌላቸው ሰዎች እንስሳት ነፃ ወይም ርካሽ ሕክምና ልስጥ ብሎ የሚነሳ ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ መድኃኒትና ስለ ሐኪም ነው። የኔ አቋም ሌላ ነው። መሐል አዲስ አበባ ላይ ይህ ሥራ የሚሳካው ከመነሻው ተመልሶ ለማይመጣ ውሻ ታስቦ ሲደራጅ ነው። «ከሰባት ቀን በኋላ ይዛችሁት ኑ» የሚለው ትእዛዝ ሰሚ የሚኖረው አንድ ሰው «የኔ ነው» ብሎ ሲፈርም ብቻ ነው።

ስለዚህ «ባለቤት» የሚለው ዓምድ ይሰረዝና «ገመድ ያዥ» ይባል። ጥያቄውም ይቀየራል፤ «የማነው?» ሳይሆን «ዛሬ ማን አመጣው? ነገ ማን ያበላዋል?» ነው። ሰው ባለቤትነትን ይፈራል፤ ኃላፊነት፣ ካሳ፣ ክስ ይመስለዋል። ማብላቱን ግን አይክድም። ካርዱ ላይ የሚጻፈው የዚያ ሰው ስምና ስልክ፣ የውሻው ቀለም፣ ፆታና አንድ የማይጠፋ ምልክት ነው፤ «ግራ ጆሮው የተቀደደ»፣ «ጭራው ጫፍ ነጭ»። ገመዱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልጅ ስለሆነ የሚመዘገበው የእናቱ ስልክ ነው፣ በመርፌው ሰዓትም ገመዱን ከልጁ የሚቀበል አዋቂ መኖር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረበት እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው።

የቤት ቁጥር ላይ መተማመን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከንቱ ሆኗል። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ከዚያም ካዛንቺስን ሲነካ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻና ወደ ኮንዶሚኒየም ተነሳ። ባለቤቱ ግቢው የነበረ ውሻ ባለቤቱ ፈረሰበት ማለት ነው። በቤት ቁጥር የተያዘ መዝገብ ያኔ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስልክ የያዘው ግን ቢያንስ «ውሻውስ የት ደረሰ?» ብሎ ለመጠየቅ ይረዳል።

አሁን ወደ ብልቃጡ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለዘመቻ የሚመጣው ባብዛኛው 10 ውሻ በሚከትብ ብልቃጥ ነው። ለትልቁም ለትንሹም ውሻ መጠኑ 1 ሲሲ ነው፣ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ብልቃጡ አንዴ ከተወጋ ለነገ አይተርፍም፤ የሥራው ቀን ሲያልቅ የቀረው ይጣላል። ሦስት ውሻ ይዞ ብልቃጥ የከፈተ ማኅበር ሰባቱን ደፋ ማለት ነው። የበጎ ፈቃደኛው ትልቁ ሥራ እንግዲህ መውጋት አይደለም፣ ውሾችን በአሥር በአሥር መሰብሰብ ነው። ሰባት ውሻ ተሰልፎ ስምንተኛው ሲጠፋ ከጠረጴዛው ተነስቶ ጎረቤት ግቢ የሚያንኳኳ አንድ እግረ ቀላል ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሰው አስቀድሞ ያልመደበ ቡድን ከሰዓት በኋላ ግማሽ ብልቃጦችን ይቆጥራል።

ቡችላስ? መደበኛው ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ይጀምራል። በዘመቻ ላይ ግን ገና ትንሽ ነው ብሎ መመለስ ስህተት ነው፤ የተመለሰ ቡችላ በ3 ወሩ አይመጣም። ተከትቦ ካርዱ ላይ «በዓመቱ ይደገም» ይባላል። ግቡ ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን በየዓመቱ መድረስ ነው፤ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መሄዱን የሚያቆመው ያ ነው። ውሾችን በመርዝ መጨረስ ይህን አያደርግም። የሞተው ሲነሳ ትርፍራፊው እዚያው ስላለ ካልተከተበ ሰፈር ሌላው መጥቶ ይተካል፤ ለክትባት የወጣው ገንዘብም ከሞቱት ጋር ይቀበራል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ይህን ክትባት ሳይታሰብ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በረዶው ነው። አንዴ ከረጋ በውስጡ ያለው ማጠናከሪያ ተቋጥሮ ይዘቅጣል፣ ቢቀልጥም ወደ ነበረበት አይመለስም። ብልቃጡ የሚቀመጠው መሐለኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በሩ ላይም ፍሪዘሩን አስጠግቶም አይደለም። ባዶው ቦታ ውሃ በሞሉ ሃይላንዶች ይሞላል፣ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይዘው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። መብራት የጠፋበት ሰዓት ይጻፋል፣ በሩ አይከፈትም። ቴርሞሜትሩ ጠዋትና ማታ ይነበባል፤ ያልተጻፈ ንባብ እንዳልተነበበ ይቆጠራል።

ወደ ሰፈር ሲወጣ ደግሞ ከፍሪዘር የወጣ በረዶ በቀጥታ ብልቃጥ ላይ አይጫንም። የበረዶው ፕላስቲክ ውጭ ተቀምጦ ሲነቀነቅ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ይጠበቃል፣ ከዚያ በካርቶን ተለይቶ ይደረደራል። የቸኮለ ሰው ይህችን እርምጃ ይዘልላታል፤ የቀኑ መቶ ውሻ ረግቶ በቀለጠ ክትባት የሚወጋው ያኔ ነው። ክፋቱ ማንም አለማወቁ ነው፤ ውሻው የተከተበ ውሻ መለያ የሆነውን ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ የተከተበ መስሎ ይዞራል።

ቦታና ወንበርን በተመለከተ ከእድር የተሻለ አጋር የለም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና የአባላት ዝርዝሩ አለው፤ ዳኛው ከተናገሩ ሰው ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ይታሰብበት፦ መልእክቱ በእድሩ ጡሩንባ አይነገር። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ማን ሞተ ብሎ ይወጣል። በስልክ መልእክት፣ በሱቅ በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀትና በልጆች በኩል ይበቃል። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቅዳሴ መልስ 4 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው፤ በክረምቱ ጭቃ ከመዋከብ ከመስቀል በኋላ ያለውን ፀሐይ መጠበቅ ይሻላል። እኛ ወደ ሰፈሩ የምንሄደው ውሻውን ወደ ክሊኒክ የሚያመጣው ትራንስፖርት ስለሌለ ነው። የትኛውም የሚኒባስ ረዳት ውሻ አይጭንም፣ የቀረው ተሳፋሪም አይፈቅድለትም። ድመት በዘንቢል ወይም ቀዳዳ በበዛበት ካርቶን ሊመጣ ይችላል፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የታሰረ ድመት ግን ሲፈታ የመጀመሪያውን እጅ ይቧጭራል።

ሰልፉ ላይ በሁለት ውሾች መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ይኑር። መግቢያና መውጫ ይለይ፤ የተከተበው በመጣበት አይመለስም። አራት ሰው ይበቃል፦ መዝጋቢ፣ ያዥ፣ ወጊ፣ ምልክት አሳሪ። ያዡ አፍ ማሰር መቻል አለበት፣ ይህም ፋሻ ብቻ ይፈልጋል። 1 ሜትር ያህል ፋሻ ተወስዶ መሐሉ ላይ ልል ቋጠሮ ይሠራል። ከጎን ሆኖ እንጂ ከፊት ለፊት ሳይሆን ቀለበቱ አፍንጫው ላይ ይገባና ከላይ ይጠብቃል። ሁለቱ ጫፎች ከአገጩ ሥር ተጠላልፈው ከጆሮዎቹ ኋላ በአንድ ሲስብ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራሉ። የሚያስመልሰው፣ የሚያለከልከውና አፍንጫው አጭር የሆነው ውሻ አፉ አይታሰርም። የታሰረውም መርፌው እንዳለቀ ይፈታል፤ ውሻ የሚቀዘቅዘው በምላሱ ነውና። መርፌ ተመልሶ አይከደንም፣ ከእጅ በቀጥታ ያገለገለ መርፌ ወደሚጣልበት ሣጥን፣ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ይገባል። የሚያስቀምጠውና የሚያስመልሰው ቡችላ ደግሞ ሰልፉ ውስጥ አይገባም፤ ሐኪሙ እሱ ወዳለበት ይሄዳል። ፓርቮ የሚባለው የቡችላ ተቅማጥ በሽታ ከሆነ ቫይረሱ መሬት ላይ ወራት ይቆያል፣ የተረገጠበት ቦታ መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይበታል። ቆሻሻው ሳይታጠብ የፈሰሰ በረኪና አቅሙን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል።

ማንም በጎ ፈቃደኛ ውሻ ከመንካቱ በፊት ራሱ መከተብ አለበት፤ ቅድመ መከላከያው በመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን የሚሰጥ ሁለት መርፌ ነው። የተነከሰ ሰው፣ የተከተበም ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥባል። በሰዓት የተያዘ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ብዙው ሰው በሁለት ደቂቃ ይተወዋል። ከዚያ ያንኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም። ጠበል የሚፈልግ ጠበሉን ከክትባቱ ጋር ያስኪደው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚመልስ መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ውሻው አይገደልም፣ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም። የሰውየው ክትባት ግን ይህን ሳይጠብቅ ይጀመራል። ከሞተ ወይም የግድ ከተገደለ ጭንቅላቱ አይፈነከት፣ ምርመራው የሚደረገው አንጎሉ ላይ ነው። የፓስተር ሰፈር ስም የመጣው ከቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የእሱ ወራሽ ነው፤ ሰው «ፓስተር ውሰዱት» የሚለውም ከዚያ ነው። ለ10 ቀን የሚያየውስ ማነው? እንደገና ገመድ ያዡ።

በዚህ ከተማ የውሻ ሆድ በበዓል ቀን መቁጠሪያ ይሄዳል። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ውሻው አብሮ ይጾማል፤ ጎኑ ይቆጠራል፣ ቆዳው ይደርቃል። በፋሲካ ማግስት ደግሞ በአንድ ቀን ስብና አጥንት ይወርድበታል፣ ማስመለሱና በአጥንት መታነቁ የሚበዛው ያኔ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን በዓይን የማይታየው ነው። በጉ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ «ይህን ለውሻው» ይባላል። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላው በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ዘመዶች ያድጋሉ፣ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ባልታጠበ እጅ ሰው አፍ ከገባ ተመሳሳዩን ከረጢት የሰው ጉበት ላይ ይሠራል፣ ዓመታት ቆይቶም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ለውሻው ለራሱ ምንም አይታወቀውም።

ስለዚህ የትል መድኃኒቱ ቀን የሚመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካና አረፋ ካለፉ በአራት ሳምንት ውስጥ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ቢሰጥ ትሉ እንቁላል ሳይጥል ይሞታል። 10 ኪሎ ውሻ 50 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ሚዛን ከሌለ ሰው ውሻውን ታቅፎ የሰው ሚዛን ላይ ይወጣና የራሱን ክብደት ይቀንሳል። ኪኒኑ በእንጀራ ተጠቅልሎ ለቤት አይላክም፤ እዚያው ይዋጣል፣ ጉሮሮው እስኪንቀሳቀስ ይታያል። ከረጢት ያለበትን ሳንባ ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር፣ ካልሆነም ግማሽ ሰዓት በላይ መቀቀል ከየትኛውም ኪኒን ይረክሳል። በዓሉ ከመድረሱ በፊት በእድር ስብሰባ ላይ ይህን ማስረዳት ግማሽ ቀን ክሊኒክ ያስንቃል።

ውሻን እንዳይራባ በቀዶ ሕክምና ማምከን የበለጠ ጣጣ አለው። ለማደንዘዣ ትልቅ ውሻ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ምግብ አይቀምስም። ስድስት ቤት የሚያበላውን ውሻ ግን ማን ያስጾመዋል? አንዱ ቤት ሲከለክል ሌላው «ምነው ዛሬ ሳይበላ» ብሎ ይወረውርለታል። በሀገራችን የተለመደው ማደንዘዣ፣ ዛይላዚን፣ ደግሞ ራሱ ያስመልሳል፤ የተመለሰው ምግብ ሳንባ ከገባ ቀዶ ሕክምናው አምሮ ውሻው ይሞታል። መፍትሔው ስድስቱንም በር ማንኳኳት ወይም ውሻውን ከማታው አምጥቶ ማሳደር ነው። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ።

መሣሪያ ማፍላት ላይም አዲስ አበባ የራሷ ጠባይ አላት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ መቀቀል ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። የግፊት ማሰሮ ያለው ቡድንም ይታለላል። መመሪያው «በ15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ» የሚለው ለባሕር ጠረፍ ነው (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው)፤ እዚህ የውጭው አየር ግፊት ዝቅ ስለሚል ያው 15 የሚሰጠው 117 ዲግሪ ገደማ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ለጀርሞቹ ግን ጊዜውን ከ15 ደቂቃ ወደ 40 ደቂቃ ግድም ታረዝመዋለች። ወይ ማሽኑ ከቻለ ወደ 19 ፒኤስአይ ከፍ ማድረግ፣ ወይ ሰዓቱን ማርዘም። ከሁሉ በፊት ግን በውስጡ ያለው አየር በእንፋሎት ተገፍቶ ይውጣ፤ አየር ከቀረ የግፊት መለኪያው ይዋሻል። ቀለሙን የሚቀይረው ምልክት ቴፕ ከጥቅሉ ውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጥም ይግባ።

ስፌቱ ቆዳ ውስጥ ተቀብሮ በራሱ በሚሟሟ ክር ይሁን፤ በ10 ቀኑ ክር ለማስወጣት የሚመጣ ውሻ ጥቂት ነው። እንዳይልሰው የሚከለክለው አንገት ማሰሪያ ከ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ፣ ጠርዙ በፕላስተር ተሸፍኖ ይሠራል። ከማደንዘዣ ሲነሳ ይበርደዋል፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኑ ይደረጋል፣ ጨርቅ የሌለው ያቃጥላል፣ ደንዝዞ የተኛ ውሻም አይሸሽም። ሙቀቱ 37 ሳይደርስና በራሱ እግር ሳይራመድ ወደ ግቢው አይመለስም።

ስለ መድኃኒት አንድ ምሬት አለኝ። ገበያ ላይ ያለው የእከክና የትል መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ ለከብትና ለበግ የተሠራ ነው፣ 1 ሲሲው 10 ሚሊ ግራም ይዟል፣ ለ50 ኪሎ እንስሳም ይበቃል። 5 ኪሎ ለምትመዝን እከካም ቡችላ ያው ስሌት 0.1 ሲሲ ነው፣ በኢንሱሊን ሲሪንጅ ካልሆነ አይለካም። «ትንሽ ነው» ተብሎ ግማሽ ሲሲ ሲወጋ አምስት እጥፍ ሆነ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ውሻ ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ነው፤ ለሃጩ የሚዝረከረክና የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ቀባችሁት?» ይሁን። ዲክሎፌናክ ለውሻ አይሰጥ። ድመትን አንዲት ፓራሲታሞል ትገድላታለች፤ ከሰው ካቢኔት የወጣው ርኅራኄ እንደ አይጥ መርዙ ድመት ይገድላል። እዚህ ላይ ወሰኑ ግልጽ ይሁን፦ በጎ ፈቃደኛ ይመዝናል፣ ይይዛል፣ ይመዘግባል፤ መርምሮ የሚያዝዘው ፈቃድ ያለው ሐኪም ብቻ ነው።

ገንዘብ። ሙሉ በሙሉ ነፃ ከሆነ መኪና ያለውም ይሰለፋል። ከወረዳ የድህነት ደብዳቤ አምጣ ማለት ደግሞ የቀን ሠራተኛን አንድ ቀን ያስከስራል፣ ሰውንም ያዋርዳል። ሦስት ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ምንም፤ ሰውየው ራሱ ይምረጥ። ማኅበሩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተመዘገበ የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ መለየት አለበት፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚለይ ደረሰኝ አይለይም።

ሰው ደግሞ ያልቃል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቹ ከቢሾፍቱ ይመጣሉ፣ ፈተና ሲደርስ አንድ ላይ ይጠፋሉ፣ ሲመረቁ ይበተናሉ። ትራንስፖርታቸውና ምሳቸው ከበጀት ይውጣ። የፍሪጁ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ ቅዳሜ ማታ ስልኩን ያጠፋ አንድ ቁልፍ ያዥ ሙሉ ሰፈር ያስቀራል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ለሁለት ዓመት የሚሰጥ ሰው፣ በየቀኑ መጥቶ በሦስተኛው ወር ከሚቃጠለው ይበልጣል።

ሥራው ሲያልቅ ባዶ ብልቃጦች ከካርዶቹ ጋር ይቆጠራሉ፤ አሥራ አንድ ብልቃጥ ተከፍቶ ዘጠና ስምንት ካርድ ከተጻፈ የት እንደፈሰሰ የሚታወሰው ያንኑ ማታ ብቻ ነው። ሴፍቲ ቦክሱ ይታሸጋል። የእድሩ አግዳሚዎች ታጥበው፣ በቁጥር ተረክበው በቁጥር ይመለሳሉ። አንድ ከጎደለ ዳኛው ይቀጣሉ፣ ለቅጣቱም «የግቢው ነው» የሚል መልስ አይቀበሉም።